አልሰማንም እንዳይሉ የጮኸች ሴት፦ ሲልቪያ ፓንክረስት

ይህን ጽሑፍ የወለደው ከአያቴ ጋር ያደረግሁት ክርክር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው፤ አያቴ ደግሞ ሞጣ ትኖራለች። ትምህርት ሲዘጋ ከቢቸና ተነስቼ በደብረ ወርቅ በኩል አድርጌ እሷን ልጠይቅ መሄድ ልማዴ ነው። ቡናው ሲፈላ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ጣሊያን ጊዜ ላይ ያርፋል። አባቷ አርበኛ ነበሩ። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ፣ እህል አውድማ ላይ ሲጋይ፣ ሴቱና ሕፃኑ ገደል ለገደል ሲሸሽ ከእሳቸው የሰማችውን ትነግረኛለች። የወሬው መጨረሻ ግን ሁሌም አንድ ነው። ያን ሁሉ መከራ ሲያዩ ከእግዚአብሔር በቀር የሰማቸው እንዳልነበረ ነግራኝ ሲኒዋን ታስቀምጣለች።

ባለፈው ክረምት ግን አላስችል አለኝ። በዚያን ጊዜም ጋዜጣ እንደነበረ፣ ዓለምም ይሰማ እንደነበር ነግሬ ተከራከርኳት። እሷም ታዲያ ማን ሰማ፣ ሰምቶስ ምን አደረገ ብላ ጠየቀችኝ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ እያልኩ አንድ ስም መጥራት አቃተኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፈርኩ።

ወደ ግቢ ስመለስ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳገላብጥ ያገኘኋት ሴት ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ብዙዎቻችን ስሟን የምናውቀው በልጇ፣ በታሪክ ምሁሩ በፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በኩል ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እነሆ ለአያቴ ጥያቄ የዘገየ መልስ ይሁንልኝ። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ያልኩት በእኛ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ያልኩት ደግሞ በፈረንጆቹ መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ትግል ለምዳ ያደገች

ሲልቪያ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ተወለደች። አባቷ ጠበቃ ነበሩ፤ ለሴቶች መብት ከሚከራከሩት ጥቂት ወንዶች አንዱ ሲሆኑ፣ እሷ የ16 ዓመት ልጅ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1898 ሞቱ። እናቷ ኤመሊን ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1903 ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የሚታገል ማኅበር አቋቋሙ። ሲልቪያ ሥዕል ተምራለች፣ ለንደን ድረስ ሄዳም በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ገብታለች። ይሁንና ቀለሙንና ሸራውን ትታ ወደ ሰልፍና ወደ እስር ቤት ሄደች።

እናቷና ታላቅ እህቷ ክሪስታቤል ትግሉ በባለጸጎቹ ሴቶች ዙሪያ ቢሆን ይመርጡ ነበር። ሲልቪያ ግን ምሥራቅ ለንደን፣ ድኻው ሠራተኛ ሰፈር ገባች። በዚህ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ ከእናቷ ማኅበር ተባረረች። እሷ ምን አደረገች? የራሷን ማኅበር ይዛ፣ በዚያው ዓመት የራሷን ጋዜጣ ጀመረች። ጋዜጣውን መንገድ ዳር ቆመው የሚሸጡት እዚያው ሰፈር ያሉ ሴቶች ነበሩ።

እስር ቤት ሆና ምግብ አልበላም፣ ውኃ አልጠጣም ትል ነበር። መጀመሪያ ላይ ጠባቂዎቹ አስረው ይዘው በጎማ ቱቦ በግድ ይመግቧት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ መንግሥት አዲስ ሕግ አወጣ፤ እስረኛዋ ስትዳከም ትለቀቃለች፣ ስታገግም ትያዛለች። ሕዝቡ የድመትና የአይጥ ሕግ አለው። ሲልቪያ በዚህ ሕግ ስትወጣና ስትገባ ሰውነቷ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በጁን 1914 የሆነው ግን ለኔ የሕይወቷ ቁልፍ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር አስኩዊዝ የምሥራቅ ለንደንን ሠራተኛ ሴቶች አላነጋግርም ብለው ነበር። ሲልቪያ ከእስር እንደወጣች፣ መቆም ሳትችል፣ ሰው ተሸክሟት ፓርላማው በር ላይ ሄዳ ተኛች። ሴቶቹን ካላነጋገሯቸው እዚያው እንደምትሞት አሳወቀች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተሸነፉ፤ ስድስት ሴቶች ገብተው አነጋገሯቸው። ደጃፉ ላይ ከተኙበት መንግሥት ይሰማል የሚለውን እምነት እዚህ የተማረችው ይመስለኛል። ይህንን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እናቷ መንግሥትን ደግፈው ቆሙ፤ እሷ ጦርነቱን ተቃወመች። ለድኻ እናቶች ርካሽ ምግብ ቤትና ክሊኒክ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ1920 በጋዜጣዋ ባወጣችው ጽሑፍ ምክንያት ስድስት ወር ተፈረደባት።

የድንጋዩ ቦምብ

ከጦርነቱ በኋላ ሲልቪያ ሲልቪዮ ኮሪዮ ከሚባል በስደት ለንደን ይኖር ከነበረ ጣሊያናዊ ጋር ኑሮ ጀመረች። እሱም የኅትመትና የጋዜጣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ልጃቸው ሪቻርድ ተወለደ። ጋብቻ አልፈጽምም በማለቷ እናቷ ተቆጥተው ሳይታረቁ በቀጣዩ ዓመት ሞቱ። በኮሪዮ ምክንያት ፋሺዝም ምን እንደሆነ ቀድማ አወቀች። አብዛኛው የእንግሊዝ ፖለቲከኛ ሙሶሊኒን ሥርዓት ያስያዘ መሪ አድርጎ ሲያይ፣ እሷ ፋሺስቶች የገደሉት የጣሊያን የፓርላማ አባል ማቴዎቲ መበለት እንዳይጎዱ ኮሚቴ ታቋቁም ነበር።

የሚኖሩት ከለንደን ወጣ ባለችው ውድፎርድ ነበር። እዚያ በመንገድ ዳር አንድ ሐውልት አቆመች፤ ወደ ታች የሚወድቅ ቦምብ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በተደረገው የጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ ከአውሮፕላን ቦምብ መጣል እንዳይከለከል የተሟገቱትን ለመንቀፍ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ለሁለተኛ ጊዜ ሲመረቅ የተገኘው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ጸሐፊ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያ ከሰማይ የሚወርድ ቦምብ እኛው አገር ላይ ወርዶ ነበርና።

ድር ቢያብር

ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው። እዚህ ላይ ስለ እንግሊዝ ሕዝብ አንድ ነገር ልበል። በዚያው ዓመት በበጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት በተካሄደ የሕዝብ ድምፅ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ስለ ሰላምና ስለ መንግሥታቱ ማኅበር አስተያየቱን ሰጥቶ ነበር። አብዛኛውም ወራሪ አገር በኢኮኖሚ ማዕቀብ እንዲቀጣ ደገፈ። በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ሰፊውን የኢትዮጵያ መሬት ለሙሶሊኒ የሚያካፍል ምስጢራዊ ስምምነት አደረጉ። ነገሩ አፈትልኮ የፓሪስ ጋዜጦች ላይ ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ ለፓርላማ አባላቱ የቁጣ ደብዳቤ አዥጎደጎደ፤ ሆር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ አይደል?

ግን ያሰረው አንበሳ ሚኒስትሩን እንጂ ሙሶሊኒን አልነበረም። ማዕቀብ ተጣለ፤ ነዳጅ ግን አልተጨመረበትም። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን ወታደርና መሣሪያ ጫኝ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1925 በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለው የመርዝ ጋዝ በወታደሩም በገበሬውም ላይ ተረጨ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስት አዲስ አበባ ገባ። በፈረንጆቹ ሜይ 5 መሆኑ ነው፤ ሲልቪያ 54 ዓመት የሞላት ዕለት። በዚያው ሰሞን ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣዋ ወጣ። ትላልቆቹ ጋዜጦች የኢትዮጵያን ጉዳይ ያለቀ ብለው ወደ ሌላ ወሬ ሲዞሩ እሷ ገና መጀመሯ ነበር። ጋዜጣው ለ20 ዓመታት ቆየ። በደህናው ጊዜ እስከ 40 ሺህ ቅጂ ይታተም እንደነበር ይነገራል፤ ወደ ምዕራብ አፍሪካና ወደ ካሪቢያን ደሴቶችም ይሄድ ነበር።

እንግዲህ የሥራው አካሄድ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትምህርት አለው። ሲልቪያ ዜናውን ታትማ ብቻ አትቀመጥም። ለሚኒስትሮች፣ ለፓርላማ አባላት፣ ለሌሎች ጋዜጦች አዘጋጆች በገፍ ደብዳቤ ትጽፋለች። የውድፎርድ አካባቢ የፓርላማ ተወካይ ዊንስተን ቸርችል ስለነበሩ እሳቸውም ከደብዳቤዋ አላመለጡም። ስብሰባ ትጠራለች፣ ገንዘብ ታሰባስባለች። ባለሥልጣናቱ ገና ስሟን ሲያዩ ይሰለቹ ጀመር። የአገሪቱ የስለላ መሥሪያ ቤትም ፋይል ከፍቶ ይከታተላት ነበር።

ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ ሲደርሱ ተገናኙ። እሷ ንጉሥ የሚባል ነገር የማትወድ ሴት ነበረች፤ ይህንኑም አልደበቀቻቸውም። የምትቆመው ንጉሥ ስለሆኑ ሳይሆን አገራቸው ስለተበደለች መሆኑን ገልጻላቸዋለች።

ከዚያ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. መጣ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን የአዲስ አበባን ሕዝብ በአካፋ፣ በዶማ፣ በጥይትና በእሳት ጨረሱት። በኢትዮጵያ በኩል የሟቹ ቁጥር 30 ሺህ ተብሎ ሲመዘገብ፣ በቅርብ ዘመን የተደረገ የታሪክ ጥናት ደግሞ ወደ 20 ሺህ ያደርሰዋል። በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። የተማረው ወጣት እየታደነ ተገደለ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ቢንያምንና ዮሴፍን፣ በዚሁ ጭፍጨፋ አጡ። አስቡት፤ አባት ለንደን ላይ ስለ ሌላው ሰው ልጅ አቤት ሲል የገዛ ልጆቹ ያልቃሉ።

በዚያን ጊዜ የዘር ማጥፋት የሚለው የሕግ ቃል ገና አልተፈጠረም ነበር። ራፋኤል ሌምኪን ቃሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ሲልቪያ ግን ለነገሩ ስም ሳይወጣለት፣ በየሳምንቱ ዝርዝሩን እያተመች መንግሥቷን አንድ ነገር አድርግ ትል ነበር።

መንግሥት ያልሰማበት ጊዜ

አሁን ወደ አያቴ ሁለተኛ ጥያቄ ልምጣ። ሰምቶስ ምን አደረገ?

እውነቱን ለመናገር፣ የእንግሊዝ መንግሥት ሲልቪያ የጠየቀችውን አላደረገም። ማዕቀቡ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1936 ተነሳ። የቻምበርሌይን መንግሥት ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመነጠል ብሎ በኅዳር 1931 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ አወቀላት። በዚያው ሰዓት ጎጃም በአመፅ ይናጥ ነበር። በላይ ዘለቀ የቢቸናን አካባቢ ይዞ ይዋጋል፤ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው በየአካባቢያቸው ተነስተዋል። ሞጣ አጠገብ ዓባይ ላይ ያለው፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የምንለው የጥንት ድልድይ፣ ቅስቱ የፈረሰው ጠላት እንዳይሻገር ሲባል በአርበኞች እጅ ነው። ለንደን ላይ ጦርነቱ አልቋል የሚል ወረቀት ሲፈረም፣ ሞጣ ላይ ግን ሕዝቡ የገዛ ድልድዩን ያፈርስ ነበር። ይህን ተቃርኖ ሳነብ ነው አያቴን የተረዳኋት።

ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ደጃፉ ላይ ተኝታ ያሸነፈችው ሲልቪያ፣ በኢትዮጵያ ጉዳይ ዓመታት ሙሉ ደጃፉ ላይ ተኝታ አልተከፈተላትም። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ፣ የምሥራቅ ለንደን ሴቶች ነገ አስኩዊዝን ሰላም ሊነሱ ይችሉ ነበር። የቢቸና ገበሬ ግን የእንግሊዝ ሚኒስትር ላይ ምን ያመጣል? ድምፅ አይሰጥ፣ ድንጋይ አይወረውር። በሩቅ አገር የሚያልቅ ሕዝብ ከባዱ ችግሩ ይሄ ነው። ሩዋንዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 የታየውም ከዚህ አይርቅም።

በሩን የከፈተው ሙሶሊኒ ራሱ ነው። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ፣ ትናንት የተረሳችው ኢትዮጵያ ለእንግሊዝ አስፈላጊ ሆነች። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው፣ በጎጃም በኩል አድርገው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ተረት ለመንግሥታቱ ይሠራል፤ ለሲልቪያ ግን አይሠራም፣ እሷ የጮኸችው ጅቡ በረት ውስጥ ሳለ ነውና።

ታዲያ አምስት ዓመት የጮኸችው በከንቱ ነው? አይመስለኝም። ጭፍጨፋውን አላስቆመችም፤ አንድ ነገር ግን ከመንግሥቷ እጅ ነጥቃለች፣ አላወቅንም የሚለውን ሰበብ። ስም፣ ቦታና ቀን በየሳምንቱ ታትሞ ደጃፋቸው ይደርስ ነበር። ጊዜው ሲገለበጥ ደግሞ ኢትዮጵያ ከሰው አእምሮ ያልጠፋች፣ ጉዳይዋ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ አገር ሆና ተገኘች።

ከድል በኋላ

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያርፍ ነበር። እሷ ግን አሁን ደግሞ የገዛ አገሯን ጦር አስተዳደር ያዘች። እንግሊዞች በኦጋዴንና በኤርትራ የመቆየት ሐሳባቸውን በጋዜጣዋ ተቃወመች። ነርስነት ተምረው በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ላረፉት ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ አሰባሰበች፤ ሆስፒታሉ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ።

የጦር ወንጀለኞቹ ጉዳይ ግን ሳይሳካ ቀረ። ኢትዮጵያ ግራዚያኒና ባዶሊዮን የመሳሰሉት እንዲዳኙ ጠየቀች፤ ሲልቪያም የጣሊያንን ወንጀል የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመች። ኢትዮጵያ ላይ ለተሠራው ግፍ አንድም ሰው ፍርድ ቤት አልቆመም። ግራዚያኒ የተፈረደበት በአገሩ ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነበር፤ እሱም ጥቂት ወራት ታስሮ ተለቀቀ። እንግዲህ የሚገርመው፣ የዘር ማጥፋትን ወንጀል ለመከላከል የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1949 ከሁሉም አገር ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ፍርድ የተነፈገው ነው የፍርድን ዋጋ የሚያውቀው።

እኔን የከበደኝ ነገር

ምስጋና ብቻ ብጽፍ ጋዜጠኛ አልሆንም። ጋዜጣዋ ወገን የያዘ ጋዜጣ ነበር። ከሩቅ አገር በጅቡቲና በሱዳን በኩል የሚደርስን ወሬ ማጣራት ከባድ በመሆኑ፣ የአርበኛው ድል አንዳንዴ ከሆነው በላይ ተጋኖ ይወጣ ነበር። መምህሮቻችን የሚያስተምሩን የሚዛናዊነት መርሕ በዚህች ሴት ላይ ሲለካ ይንገዳገዳል።

ሌላው ደግሞ የቢቸና ልጅ በመሆኔ ይከብደኛል። የእንግሊዝን መንግሥት ያላረፈች ብዕር ለንጉሡ ሲሆን ለስላሳ ነበረች። ሲልቪያ ዕድሜ ልኳን የደገፈችው ያ መንግሥት በጥር 1937 ዓ.ም. በላይ ዘለቀን፣ አባ ኮስትርን፣ በስቅላት የቀጣ መንግሥት ነው። በእኛ አገር ይህ ቁስል አልሻረም። ለሩቅ ሰው ፍትሕ የሚጮህ ሰው ወዳጁ ሲያጠፋ ዓይኑ ሊደክም ይችላል ማለት ነው። ይህንን ባልጽፍ ቢቸና ስገባ ምን እላለሁ?

የመስቀል ዕለት

ኮሪዮ እ.ኤ.አ. በ1954 ከሞተ በኋላ፣ ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1956 በ74 ዓመቷ ከልጇ ጋር ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች። እዚህም አላረፈችም፤ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለ ወርኃዊ መጽሔት ጀመረች። ያረፈችው መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ነው። ሃይማኖት ያልነበራት ሴት ወለተ ክርስቶስ ተብላ፣ በታላቅ ክብር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞቹ ጎን ተቀበረች። ልጇ ሪቻርድም በ2009 ዓ.ም. አርፎ እዚያው ካቴድራል አፈር ቀምሷል።

ባለፈው ፋሲካ ሞጣ ስሄድ ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ፓርላማ በር ላይ የተኛችውን ሁለቴ አስደገመችኝ። መጨረሻ ላይ ይቺ ሴት ልጆች ነበሯት ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አንድ፣ ያውም እዚሁ አገራችን የተቀበረ ስላት ነፍሷን ይማር ብላ ቡናውን ቀዳች። ከዚያ ወዲህ የጣሊያንን ጊዜ ስታወራ ያችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ትቀይራለች ብዬ ነበር፤ አልቀየረችም። እኔም አልፈርድባትም። እሷ የምትለካው በተቃጠለው ቤት ነው።

ለእኛ ግን፣ ነገ ሩቅ አገር ስለሚያልቅ ሰው ዜና ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ፣ መንግሥት አይሰማም ብለን ወረቀቱን አጣጥፈን እንዳናስቀምጥ የሲልቪያ 20 ዓመት በቂ ትምህርት ነው እላለሁ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ። ቸር ይግጠመን።